«እነዚህ ሰዎች እንዲህ ያስባሉ» ሲባል

«ምዕራባዊ ነገርን ነጣጥሎ፣ እስያዊ ደግሞ አያይዞ ያስባል» የሚል አባባል በየመጻሕፍቱ ይገኛል። አባባሉ ከባዶ አልተነሣም። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት የጃፓንና የአሜሪካ ተማሪዎች ዓሣዎች የሚዋኙበት ተንቀሳቃሽ ሥዕል ታይቷቸው ያዩትን እንዲናገሩ ተጠየቁ። ጃፓኖቹ በዙሪያው ስላለው ነገር አብዝተው ተናገሩ። ስለ ዋነኞቹ ዓሣዎች ግን ሁለቱም ወገኖች በእኩል ያህል ተናግረዋል። ልዩነቱም የአማካይ እንጂ የእያንዳንዱ ሰው አይደለም።

ለመሆኑ «እስያ» አንድ ነውን? እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት በአንዲቱ ቻይና ውስጥ እንኳ ልዩነት አገኘ፦ ሩዝ አብቃይ ከሆነው ደቡብ የመጡ ተማሪዎች አያይዞ ወደ ማሰብ፣ ስንዴ አብቃይ ከሆነው ሰሜን የመጡት ነጣጥሎ ወደ ማሰብ ያዘነብሉ ነበር።

የእኛም ስም ተነሥቷል። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ አማራ ሁለት ትርጉም ያለው ንግግር መውደዱ ግልጽነትን ከሚሻው ዘመናዊ ሥራ ጋር እንደሚጋጭ ጻፈ። ቅኔያችን ሰምና ወርቅ መያዙ እውነት ነው። ነገር ግን ያው የቤተ ክህነት ትምህርት ባሕረ ሐሳብንም ያስተምራል። ለምሳሌ ያህል 2000 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት 7500 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 14 ይቀራል፤ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 13 ነው። 13 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 23 ይሆናል። እዚህ ላይ ሁለት ትርጉም የለም። እንግዲህ አንድ ሕዝብ ሁለቱንም ይችላል ማለት ነው። ሌቪንም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው መጽሐፍ፣ የምዕራቡ ዓለም ሁለት ትርጉም ካለው ነገር መሸሹ የሚያሳጣው ነገር እንዳለ አስረድቷል።

በካርቱም በሪያድ ሰፈር የኖረ ያውቀዋል፤ «ሐበሽ» የሚለው አንድ ቃል አማራውን፣ ኦሮሞውን፣ ትግራዋዩንና ኤርትራዊውን በአንድነት ይጠቀልላል። እኛም «ሱዳኖች እንዲህ ናቸው» ስንል ያንኑ እናደርጋለን።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ስትሰሙ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ስንት ሰው ታይቶ ነው? እነማን ቀሩ? ተቃራኒው ምሳሌስ የት አለ? ወላጆችም «የእኛ ልጅ ለሒሳብ አልተፈጠረም» የሚለውን ቃል በልጃችሁ ፊት አትናገሩ። ልጁ ቃሉን አምኖ ደብተሩን ከዘጋ፣ ያልነበረው ልዩነት ያን ጊዜ ይፈጠራል።