ከአሞሌ እስከ ስጦታ ካርድ

አንባቢ ሆይ፤ ገንዘብን መርምሮ መቀበል ለዋግ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ሰቆጣ ከጥንት ጀምሮ የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር የጨው ሜዳ እየተቈረጠ በግመልና በበቅሎ የሚመጣው አሞሌ በዚህች ከተማ አልፎ ወደ መኻል አገር ይሻገር ነበር። አሞሌ ሲበሉት ጨው፥ ሲገበያዩበት ደግሞ ገንዘብ ነበር። ዳሩ ግን ዝናብ ካገኘው ይሟሟል፤ ከተሰበረም ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ ተቀባዩ አገላብጦ ሳያይ አይወስደውም ነበር። በጠገራ ብር ዘመንም ቢሆን ሻጭ በንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ላይ ያለውን የዕንቍ ጌጥ ይመለከታል፤ ዕንቍው ከደበዘዘበት ብሩን ለባለቤቱ ይመልሳል።

ዛሬ ገንዘብ በቁጥር ብቻ ተመስሎ በሚተላለፍበት ጊዜ ይህ የአባቶቻችን ልማድ እጅግ ያስፈልገናል። የስጦታ ካርድ ማለት ዋጋው አስቀድሞ ተከፍሎ፥ ዕቃው ወይም አገልግሎቱ በኋላ የሚወሰድበት ካርድ ነው። በአገራችን የቅርብ ዘመዱ የሚፋቀው የሞባይል ካርድ ነው፤ ምስጢሩን ፍቀው በ*805* የሚያስገቡት ማለት ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ለልደትም ለበዓልም የሱቅ ካርድ ይገዛሉ፥ ይሰጣጣሉ።

እንግዲህ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ካርዱ ራሱ ገንዘብ አይደለም፥ የሻጩ ቃል ኪዳን ነው። ሻጩ ከወደቀ ቃሉም አብሮት ይወድቃል። በአሜሪካ ሻርፐር ኢሜጅ የተባለው የሱቅ ድርጅት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2008 ኪሳራውን ለፍርድ ቤት ባስታወቀ ጊዜ ካርዶቹን አልቀበልም አለ። ቈይቶም የተቀበለው ገዢው የካርዱን ዋጋ እጥፍ የሚያህል ዕቃ ከገዛ ብቻ ነበር። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉታል ይህ ነው። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሕግ በካርድ ላይ ያለ ገንዘብ ከ5 ዓመት በፊት እንዳይቃጠል ከለከለ፤ ሆኖም የከሰረውን ሱቅ ከኪሳራ የሚያድን ሕግ አይደለም።

የኑሮ ውድነት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጉዳት ይጨመራል። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር በተደረገ ጊዜ፥ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በካርድ ላይ ተቈልፎ የተቀመጠ ብር ግን አይወልድም፥ አያድግም፤ ዕቃው በተወደደ ቍጥር የሚገዛው እያነሰ ይሄዳል። እንዲሁም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት በዋግ ኽምራ ስልክና ባንክ ተቋርጠው በነበሩበት ጊዜ፥ መሥመር በሌለበት ቦታ ቁጥር ዳቦ እንደማይገዛ ሕዝቡ አይቶታል።

ሌባም ችግርን ይከተላል። በስልክ ደውሎ «ዕጣ ደርሶዎታል፤ ለማስፈጸሚያ የዚህን ያህል ካርድ ገዝተው ቁጥሩን ይንገሩኝ» የሚል ሰው ሰምተው ይሆናል። በአሜሪካ የንግድ ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት እንዳስታወቀው፥ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በስጦታ ካርድ ተጭበርብረናል ያሉ ሰዎች ያጡት 217 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። ሌባው ካርድን የሚወድበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቁጥሩ በአፍ ከተነገረ በኋላ ገንዘቡ ወዲያው ይወጣል፥ ማስመለሱም እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ስለዚህ፥ ደመወዝዎ ከወር ወር ለማይደርስልዎ ለእርስዎ፥ ወይም ከቤተሰብ በሚላክ ጥቂት ብር ለሚማሩ ለእርስዎ፥ የሚከተለውን ማስታወስ ይበጃል።

አንደኛ፤ ካርድ ሲገዙ ከራሱ ከድርጅቱ ወይም ከሚታወቅ ሻጭ ይግዙ። «በግማሽ ዋጋ ልስጥዎ» የሚል እንግዳ ሰው ቢያጋጥምዎ፥ ትርፉን ከየት እንደሚያገኝ ራስዎን ይጠይቁ።

ሁለተኛ፤ ምስጢሩ የተሸፈነበት ቦታ ተነክቶ ወይም ተፍቆ እንደ ሆነ አገላብጠው ይመልከቱ። ደረሰኙንም ይያዙ።

ሦስተኛ፤ የካርድ ቁጥር፥ የቴሌብር ወይም የባንክ ምስጢር ቁጥር ለማንም በስልክ አይንገሩ። ሹም ነኝ፥ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፥ ዘመድዎ ታሞብኛል ቢልዎ እንኳ ስልኩን ይዝጉና በሚያውቁት ቁጥር ራስዎ ደውለው ያረጋግጡ።

አራተኛ፤ ካርድ ከተሰጠዎ አያስቀምጡት። በጊዜው ለሚያስፈልግዎ ነገር ያውሉት፤ ስለ ሱቁ መዳከም ወሬ ከሰሙ ደግሞ ለነገ አይበሉ።

አምስተኛ፤ ስጦታ ሲሰጡ ተቀባዩ በሚኖርበት ከተማ ካርዱ የሚሠራ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። በአዲስ አበባ ብቻ የሚሠራ የሱቅ ካርድ ለሰቆጣ እናት ምን ይጠቅማታል?

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰ እህል ግን ቢያንስ ከመሬት ይለቀማል፤ በስልክ የተነገረ ቁጥር አይለቀምም። አንድ ደቂቃ ቈም ብሎ ማገላበጥ የአንድ ወር ቀለብ ሊያድን ይችላልና፥ አንባቢ ሆይ፥ የአሞሌውን ነጋዴ ትዕግሥት አይርሱ።