የቀነኒሳ ባት

ሯጭ መሬትን የሚገፋው በባቱ ነው። ከጉልበት በታች፣ በእግር ጀርባ በኩል፣ ሁለት ጡንቻዎች ተደራርበው ይገኛሉ። ወደ ታች እየቀጠኑ ይሄዱና በአንድ ወፍራም ጅማት ከተረከዝ አጥንት ጋር ይያያዛሉ። በሩጫ ጊዜ በዚህ ጅማት ላይ የሚያርፈው ጫና ከሯጩ ክብደት ስድስት እጥፍና ከዚያ በላይ ይደርሳል። የመም ጫማ ከፊቱ የብረት ጥርስ ያለው፣ ተረከዙ ስስ የሆነ ጫማ ስለሆነ ባትን ይበልጥ ይወጥረዋል። 10,000 ሜትር 25 ዙር ነው፤ መታጠፉም ሁልጊዜ ወደ ግራ ስለሆነ ሁለቱ እግሮች እኩል አይሠሩም። ለዓመታት እንዲህ ሲለፋ የኖረ ባት አንድ ቀን ሲጎዳ፣ ሰበቡ የዚያ ቀን እርምጃ ብቻ አይደለም።

በኢትዮጵያ አትሌቲክስ ይህ ነገር ጎልቶ የታየው በቀነኒሳ በቀለ ላይ ነው። ቀነኒሳ በ1974 ዓ.ም. በአርሲ፣ በቆጂ አካባቢ ተወለደ። እንደ ደራርቱ ቱሉና እንደ ጥሩነሽ ዲባባ ሁሉ እሱም የበቆጂው የስፖርት መምህር ስንታየሁ እሸቱ እጅ ያለፈ ልጅ ነው። ከ2002 እስከ 2008 (እነዚህና ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በአዋቂዎች የግል ውድድር 11 ወርቅ ሰበሰበ። በ2004 ሄንግሎ ላይ 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ፣ በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ጨረሰ። የብራስልሱ ሩጫ እያንዳንዱን ዙር በ63 ሰከንድ ገደማ፣ ያውም 25 ጊዜ ሳያርፉ መሮጥ ማለት ነው። ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ2020 ሁለቱንም እስኪያሻሽላቸው ድረስ ክብረ ወሰኖቹ ከ15 ዓመት በላይ ቆይተዋል። በቤጂንግ ኦሊምፒክና በ2009ኙ የበርሊን የዓለም ሻምፒዮና ቀነኒሳ በሁለቱም ርቀቶች ወርቅ ወሰደ። ያኔ ገና 27 ዓመቱ ነበር።

በ2010 መጀመሪያ ባቱ ተጎዳ፤ የዚያ ዓመት የመም ውድድሮችም ሙሉ በሙሉ አመለጡት።

የጡንቻ ጉዳት ከባድ የሚሆነው ከመቀደዱ ይልቅ በሚያገግምበት መንገድ ነው። በተበጠሱት ክሮች መካከል ደም ይቋጥራል፤ ቦታው ሲሽር የሚተካው ጠባሳ ደግሞ እንደ ጤነኛው ጡንቻ አይለጠጥም። ሕመሙ የሚጠፋው ጉልበቱ ሳይመለስ ነው። ሯጩ በብስክሌትና በዋና ልቡንና ሳንባውን ሊያቆያቸው ይችላል፣ ባቱ ግን ከእነሱ እኩል አይራመድም። ስለዚህ ትንፋሹ “ሂድ” ሲለው እግሩ “ቆይ” ይለዋል። የታመመውን እግር ለማዳን ሳይታወቀው ክብደቱን ወደ ሌላው ካዞረ ደግሞ ታፋውና ዳሌው በተራቸው ይጎዳሉ። ብዙ ሯጮች ከአንድ ጉዳት ወደ ሌላ የሚሻገሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ቀነኒሳ በ2011 ወደ ዴጉ የዓለም ሻምፒዮና የሄደው በቂ ውድድር ሳያደርግ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ በ10,000 ሜትር ተሸንፎ አያውቅም። ውድድሩ ገና ብዙ ዙሮች ሲቀሩት ከመሙ ወጣ፤ ወርቁን ሌላው ኢትዮጵያዊ ኢብራሂም ጄይላን ወሰደ። “ቀነኒሳ አበቃለት” የሚለው ወሬ ገና ሳይበርድ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ብራስልስ ላይ 26 ደቂቃ ከ43.16 ሰከንድ ሮጦ የዓመቱን ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። ለንደን ኦሊምፒክ ላይ ግን በዚሁ ርቀት የቀድሞው አጨራረሱ አልነበረም። ታናሽ ወንድሙ ታሪኩ ነሐስ ሲወስድ እሱ አራተኛ ሆነ፤ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው።

በአሜሪካ ቤዝቦል ኳስ ወርዋሪዎች ተመሳሳይ ጣጣ በክርናቸው ይገጥማቸዋል። ቶሚ ጆን የተባለው ወርዋሪ በ1974 የክርኑ ጅማት ሲበጠስ፣ ሐኪሙ ፍራንክ ጆብ ከሌላኛው ክንዱ ጅማት ወስዶ ተካለት። 1975ን ሙሉ ካረፈ በኋላ ተመልሶ እስከ 1989 ተጫወተ፤ ቀዶ ጥገናው ዛሬም በስሙ ይጠራል። ለተጎዳ የባት ጡንቻ ግን እንዲህ ያለ መለወጫ የለም። ያለው መድኃኒት ጊዜና በልክ እያደገ የሚሄድ ሥራ ነው።

ቀነኒሳ ወደ ማራቶን የተሻገረው በ2014 ነው። በመጀመሪያ ማራቶኑ ፓሪስን በ2:05:04፣ በቦታው ክብረ ወሰን አሸነፈ። በጥር 2015 ግን ዱባይ ላይ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ አቋረጠ፤ ቀሪውን ዓመት ከተረከዝ ጅማቱ ጋር ሲታገል አሳለፈው። ጅማት እንደ ጡንቻ ብዙ ደም አያገኝም፣ ስለዚህ ቀስ ብሎ ነው የሚያገግመው፤ ዕረፍት ብቻውንም አያድነውም። ለዚህ ጉዳት ከሚታዘዙት እንቅስቃሴዎች የታወቀው በማንኛውም ቤት ደረጃ ላይ የሚሠራ ነው፦ በእግር ጣቶች ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ከደረጃው ጠርዝ በታች በዝግታ ማውረድ፣ እንደገና መነሳት፣ ይህንንም በየቀኑ ለሳምንታት መደጋገም። የዓለምን ክብረ ወሰን ለሰበረ ሰው እንዲህ ደረጃ ላይ ቆሞ ተረከዝ መቁጠር ከሩጫው የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል።

በሚያዝያ 2016 ለንደን ላይ ሦስተኛ ሆኖ ተመለሰ። ለሪዮ ኦሊምፒክ ሳይመረጥ ሲቀር ቅሬታውን በይፋ ተናገረ። በመስከረም ወር በርሊንን በ2:03:03 አሸንፎ ስምንት ዓመት የቆየውን የኃይሌ ገብረሥላሴን የኢትዮጵያ ክብረ ወሰን አሻሻለ። ከዚያ በኋላም መንገዱ ቀና አልነበረም። በ2017 ዱባይ ላይ ገና ሲነሱ ወድቆ አቋረጠ፤ በዚያው ዓመት በርሊንንም አልጨረሰም።

የ2019ኙ በርሊን ግን ለብቻው የሚነገር ነው። ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ኢትዮጵያውያኑ ብርሃኑ ለገሠና ሲሳይ ለማ ጥለውት ሄዱ። ብዙ ተመልካች ያ የተለመደው መጨረሻ መስሎት ነበር። እሱ ግን ከኋላ ሆኖ እየተነፈሰ፣ እርምጃውን ሳያዛባ፣ መጀመሪያ ሲሳይን፣ ቀጥሎ ብርሃኑን ደርሶ አለፋቸው። በብራንደንቡርግ በር ሥር አልፎ በ2:01:41 ገባ። በጊዜው ከነበረው የኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ የዓለም ክብረ ወሰን የዘገየው በሁለት ሰከንድ ነው። በዚያ ፍጥነት ይህ ከ12 ሜትር አይበልጥም።

በ2020 ለንደን ላይ ከኪፕቾጌ ጋር ሊገናኝ ሁለት ቀን ሲቀረው ባቱ እንደገና ተጎድቶ ከውድድሩ ወጣ። ከአሥር ዓመት በፊት የጀመረው ሕመም ዓለም በጉጉት በጠበቀው ቀን ዋዜማ ተመልሶ መምጣቱ ያሳዝናል። ሆኖም በ2024 ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ በ2:04:15 ሁለተኛ ሆነ፤ ያ ውጤትም ለፓሪስ ኦሊምፒክ አበቃው። ለዚያ ቡድን ተመርጦ የነበረው ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ተጠባባቂው ታምራት ቶላ ተተካና በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ ወሰደ። ቀነኒሳ በዚያው ጎዳና ላይ በ42 ዓመቱ 39ኛ ሆኖ ጨረሰ።