የሚናገር መኪና

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አበው። ሰውን በአነጋገሩ መመዘን የቆየ ልማዳችን ነው። በአሜሪካ አገር፣ በፊኒክስ ከተማ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ነጂ የሌላቸው ታክሲዎች ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት ጀምረዋል፤ ተሳፋሪውን በድምፅ የሚቀበለው መኪናው ራሱ ነው። ታዲያ የሚናገረው መኪና ሲሆን ይህ ልማድ ያዋጣን ይሆን?

አዳም ዌይትስ፣ ጆይ ሄፍነርና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ይህን ጉዳይ መርምረዋል። 100 ሰዎችን በሦስት ከፍለው፣ የመኪና ጉዞን አስመስሎ በሚያሳይ መሣሪያ ላይ አስቀመጧቸው። የመጀመሪያዎቹ ራሳቸው ነዱ። ለሁለተኞቹ መሪውንና ፍጥነቱን መኪናው ተቆጣጠረላቸው። የሦስተኞቹም መኪና እንደዚሁ ራሱን ይነዳ ነበር፤ ነገር ግን «አይሪስ» የሚል ስምና የሴት ድምፅ ተሰጥቶት ነበር።

ውጤቱ ምን ሆነ? የሁለቱ መኪናዎች የአነዳድ ችሎታ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ሰዎቹ ይበልጥ ያመኑት የሚናገረውን ነው። በሌላ መኪና ጥፋት ግጭት በደረሰ ጊዜም፣ ዝምተኛውን የወቀሱትን ያህል አይሪስን አልወቀሱም።

እንግዲህ ልብ በሉ! መልካም ድምፅ ተሳፋሪን ያረጋጋል፤ መንገዱን ግን አያይም። መንገዱን የሚያዩት ካሜራዎቹና ራዳሮቹ ናቸው፤ ፍሬን የሚይዘውም ኮምፒዩተሩ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን መኪና ስትመዝኑ፣ «እንዴት ይናገራል?» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት ይነዳል?» ብላችሁ ጠይቁ።

መልመጃ፦ ሰዎቹ የሚናገረውን መኪና ብዙ ያልወቀሱት ለምን ይመስላችኋል? ሐሳባችሁን በአንድ አንቀጽ ግለጹ።