በድመት አፍንጫ ላይ ለሚወጣ ካንሰር የትኛው ጨረር ይሻላል?

በነጭ ድመት አፍንጫ ጫፍ ላይ የምትወጣ ትንሽ ቅርፊት ብዙውን ጊዜ የጠብ ጭረት ትመስላለች። ትደርቃለች፣ ትላቀቃለች፣ ተመልሳም ትደማለች። ባለቤቱ «ይድናል» እያለ ወራት ሲያልፉ፣ ቁስሉ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ዋነኛ መንስኤው በመሆኑ፣ በሽታው ቀለምና ጠጉር የሳሳባቸውን የአፍንጫ፣ የጆሮ ጫፍና የዓይን ሽፋን ቆዳዎች ያጠቃል። የታመመን ጆሮ ቆርጦ ማስወገድ ይቻላል፤ አፍንጫን ማንሳት ግን የእንስሳውን ፊት ስለሚለውጥ ብዙዎች አስቀድመው የጨረር ሕክምናን ይጠይቃሉ።

ከአማራጮቹ አንዱ ስትሮንቲየም 90 ነው። ንጥረ ነገሩን በጫፉ የያዘ ትንሽ መሣሪያ ቁስሉ ላይ በቀጥታ ይደረጋል። የሚወጣው ቤታ ጨረር ጥቂት ሚሊሜትር እንደተጓዘ ኃይሉን ስለሚያጣ፣ ላዩን ዕጢ በከፍተኛ መጠን ሲመታ ከሥሩ ያለውን ጤናማ አካል ያተርፋል። በ2007 የታተመ ጥናት በዚህ መንገድ ከታከሙ 49 ድመቶች በ88 በመቶዎቹ ዕጢው ሙሉ በሙሉ እንደጠፋ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ያው ባሕርይ ድክመቱም ነው፤ ሥር የሰደደ ዕጢ ዘንድ ጨረሩ አይደርስም።

ጠለቅ ላለው ዕጢ ከውጭ የሚተኮስ ጨረር ያስፈልጋል። በ1995 የታተመ የ90 ድመቶች ጥናት 40 ግሬይ በ10 ጊዜ ተከፋፍሎ፣ በሳምንት ሦስት ቀን የተሰጠበት ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ በሽታው ያልተባባሰባቸው 60 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በአምስት ዓመት ቁጥሩ ወደ 10 በመቶ ወርዷል። ዕጢያቸው ትንሽ የነበሩት ግን የተሻለ ዕድል አግኝተዋል። አንዱ ማብራሪያ በክፍለ ጊዜዎቹ መካከል የካንሰር ሕዋሳት መልሰው መባዛታቸው ነው። የዙሪክ ሐኪሞች በዚሁ ምክንያት 48 ግሬይን በቀን ሁለት ጊዜ እየሰጡ በአንድ ሳምንት ጨርሰዋል፤ ውጤቱም አበረታች ነበር። ስዊዘርላንድ ውስጥ 15 ድመቶች በፕሮቶን ጨረር የታከሙበትም ጊዜ አለ፤ እንዲህ ያለው መሣሪያ ግን ለሰውም ቢሆን ብርቅ ነው።

እነዚህን መቶኛዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ አሸናፊ መምረጥ ያሳስታል። ለስትሮንቲየም የሚመረጡት ቀድሞውንም ስስ ዕጢ ያላቸው ናቸውና። ለባለቤቱ የሚከብደው ሌላው ጉዳይ ማደንዘዣ ነው፤ ድመት ከጨረር ሥር ዝም ብላ ስለማትተኛ፣ አሥር ክፍለ ጊዜ ማለት አሥር ማደንዘዣ ነው። ይህም ለአረጀች ወይም ኩላሊቷ ለደከመ ድመት ቀላል አይደለም። ስትሮንቲየም በአንድ ወይም በጥቂት ቀጠሮ ሊያልቅ ይችላል፤ ሆኖም ሬዲዮአክቲቭ ቁስ ለመያዝ ልዩ ፈቃድ ስለሚጠይቅ የሚሰጡት ጥቂት ማዕከላት ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ሐኪሙ ከቁስሉ ናሙና ወስዶ ካንሰርነቱን ካረጋገጠ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ የዕጢው ጥልቀት ስንት ሚሊሜትር ነው የሚለው ነው። ወደ ቅርጫጩ ከገባ ቀዶ ሕክምና ተመልሶ ይመጣል፤ አፍንጫቸው የተነሣ ድመቶችም አብዛኛውን ጊዜ ካገገሙ በኋላ መብላትና መተንፈስ አያቅታቸውም።