መኪናን ለፊልም ማዋስ

አንድ የፊልም ታሪክ በየትኛው ዘመን እንደተፈጸመ ለተመልካች ከሚያስታውቁት ነገሮች አንዱ በመንገድ ላይ የሚታየው መኪና ነው። ተዋናዮቹ የዘመኑን ልብስ ለብሰው፣ የዘመኑን አነጋገር እየተናገሩ ሳለ ከበስተኋላቸው ትናንት ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቢያልፍ ድካማቸው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ያለፈ ዘመን ታሪክ የሚያዘጋጁ የፊልምና የቴሌቪዥን ባለሙያዎች የዚያኑ ዘመን መኪና ይፈልጋሉ። ይህ ዓይነቱ መኪና ግን በየሱቁ አይሸጥም፤ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በአንድ ግለሰብ ግቢ ውስጥ፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ ለዓመታት በጥንቃቄ ተይዞ ነው።

ከአያታችሁ የተረፈ አንድ ቮልስዋገን በቤታችሁ አለ እንበል። አንድ የፊልም አዘጋጅ መጥቶ «ለሁለት ቀን አውሱን» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? የቤተሰባችሁን መኪና በፊልም ማየት የሚያስደስት መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ እሺ ከማለታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ማንሣት ይገባችኋል። እነርሱም፦ መኪናው ምን ይሠራል? ማን ይነዳዋል? ጉዳት ቢደርስበትስ ኃላፊው ማን ነው? የሚሉት ናቸው።

በመጀመሪያ መኪናው የሚሠራውን ሥራ እንመልከት። በመንገድ ዳር ቆሞ መታየት አንድ ነገር ነው፤ በተዋናይ መነዳት ሌላ ነው፤ በማሳደድና በግጭት ትርኢት መካፈል ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ከሁሉ ቀላል የሚመስለው ሥራ እንኳ መኪናውን ያደክመዋል። በፊልም ላይ ለጥቂት ሴኮንዶች የሚታይ እንቅስቃሴ በቀረጻው ጊዜ ደጋግሞ ይሠራል። መኪናው ይነሣል፣ ጥቂት ሜትር ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከዚያም እንደገና ይጀምራል። በዚህ ምክንያት ፍሪሲዮኑ ይበላል፣ ሞተሩም ይግላል። መብራቱ ለረጅም ሰዓት በርቶ ከቆየ ባትሪው ይደክማል። ከዚህም በላይ ካሜራ በኮፈኑ ወይም በበሩ ላይ ሲታሰር ቀለሙን ሊጭረው ይችላል። የቀለሙ ነጸብራቅ ለካሜራ ሲያስቸግር የሚያደበዝዝ ነገር ይቀባል፤ ታሪኩ ከጠየቀም ጭቃ ይለጠፍበታል፣ ታርጋው ይለወጣል።

አደጋ ያለበትን ትርኢት በሚመለከት ልምድ ያላቸው አዘጋጆች የሚከተሉት መንገድ አለ። ይኸውም ደኅናውን መኪና ከአደጋው መለየት ነው። ለምሳሌ ያህል እ.ኤ.አ. በ1969 ለእይታ የበቃው «ዘ ኢታሊያን ጆብ» የተባለው ፊልም ሲጀምር አንድ ብርቱካናማ ላምቦርጊኒ ሚዩራ በአልፕስ ተራሮች መንገድ ሲነዳ ይታያል። መኪናው ወደ ዋሻ ገብቶ ይጋጫል፤ ስብርባሪውም ወደ ገደል ይወረወራል። ይሁን እንጂ የተወረወረው ሌላ፣ አስቀድሞ በአደጋ የተጎዳ ሚዩራ ነበር። የተነዳው መኪና በፋብሪካው ለሽያጭ በመዘጋጀት ላይ የነበረ አዲስ መኪና ስለሆነ ያለ አንዳች ጉድለት መመለስ ነበረበት። ስለዚህ ፋብሪካው ነጫጭ የቆዳ መቀመጫዎቹ እንዳይበላሹ አስወጥቶ በጥቁር ቆዳ መቀመጫዎች ተካቸው። የራስ መደገፊያዎቹ ግን ከመቀመጫው ጋር የተያያዙ ስላልነበሩ ነጭ እንደሆኑ ቀሩ፤ ፊልሙን አስተውሎ የሚመለከት ሰው ዛሬም ሊያያቸው ይችላል። ለአንድ መቀመጫ ይህን ያህል መጠንቀቅ ከልክ ያለፈ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን መኪናው በደኅና ተመልሶ ለገዢው የተሸጠው እንዲህ በመሰለ ጥንቃቄ ነው።

መኪናው በጣም ውድና ብርቅ ሲሆን ደግሞ አምሳያው ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2021 ለእይታ በበቃው «ኖ ታይም ቱ ዳይ» በተባለው የጄምስ ቦንድ ፊልም በማሳደድ ትርኢቱ የታዩት እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1965 የተመረተው የአስተን ማርቲን ዲቢ 5 አምሳያዎች ናቸው። ለዚሁ ሥራ አካላቸው ከካርቦን ፋይበር የሆነ ስምንት አምሳያዎች ተሠርተዋል። እንግዲህ አንድ አዘጋጅ አደጋ ላለበት ትርኢት አያታችሁ የተዉትን መኪና ከጠየቃችሁ እምቢ ማለት ነውር አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ነጂው ነው። የቆየ መኪና የራሱ ጠባይ አለው። መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑ እንደ ዛሬዎቹ በቀላሉ አይዝም፤ በአንዳንዶቹም አንደኛ ማርሽ መኪናው ፈጽሞ ካልቆመ ያለ ጩኸት አይገባም። የዛሬ መኪና የለመደ ተዋናይ ይህን ሁሉ በአንድ ጧት ሊማረው አይችልም። ስለዚህ ከሩቅ በሚነሡ ትርኢቶች ባለቤቱ ራሱ የዘመኑን ልብስ ለብሶ ቢነዳ ይመረጣል። ይህ የማይቻል ከሆነም ቀረጻው እስኪፈጸም ድረስ ባለቤቱ ወይም መኪናውን የሚያውቅ መካኒክ ከቦታው መለየት የለበትም።

ሦስተኛው ጥያቄ የኃላፊነት ነው። ለግል አገልግሎት የተገባ የመድን ውል ብዙውን ጊዜ በፊልም ሥራ ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም። ስለዚህ የፊልሙ አዘጋጅ ለዚሁ ሥራ መድን መግባቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የመኪናውም ዋጋ አስቀድሞ በባለሙያ ተገምቶ በጽሑፍ መስፈር አለበት፤ አለዚያ ጉዳት በደረሰ ጊዜ «ያረጀ መኪና ነው» ተብሎ በርካሽ ሊገመት ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ዕቃን ያለ ዋጋ ማዋስንና በዋጋ ማከራየትን ለያይቶ ይደነግጋል። ገንዘብ ከተቀበላችሁ አከራይ እንጂ አዋሽ አይደላችሁምና የትኛውን እንደፈጸማችሁ ማወቅ ይገባችኋል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላም ነገር አለ። መኪናው አንድ ጊዜ በፊልሙ ከታየ በኋላ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ሳይለወጥ መቆየት አለበት። በዚህ መካከል ባለቤቱ ቀለሙን ቢቀይር ወይም መኪናውን ቢሸጥ የተጀመረው ታሪክ ይበላሻል። ስለዚህ ጥንቃቄው የአዘጋጁ ብቻ ሳይሆን የባለቤቱም ግዴታ ነው።

እነዚህ ሁሉ ነጥቦች በውል መጻፍ አለባቸው። አጻጻፉም ግልጽ መሆን ይኖርበታል። «መኪናው በጥንቃቄ ይያዛል» የሚለው ዓረፍተ ነገር መልካም ቢመስልም ማንንም አያስገድድም፤ ጥንቃቄ ማለት ለአንዱ አንድ፣ ለሌላው ሌላ ነውና። «ባለቤቱ በሌለበት በመኪናው አካል ላይ ካሜራ አይታሰርም» የሚለው ግን ማን፣ ምን፣ መቼ እንደተከለከለ ለይቶ ያስታውቃል። እንዲሁም በርክክብ ጊዜ መኪናው ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ቀደም ሲል የነበረው ጭረት ሁሉ ይመዝገብ፤ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙ። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ማለታቸው ለዚህም ይሠራል።

የተሰበረ መስተዋት በገንዘብ ይተካል። አያታችሁ በእጃቸው ያደሱት መኪና ግን ከተሰባበረ ካሣው ምንም ያህል ቢበዛ ያንኑ መኪና አይመልሰውም። ውሉ አስቀድሞ የሚጻፈውም ጉዳት ከደረሰ በኋላ ለመካሰስ ብቻ አይደለም፤ ጉዳቱ ከነአካቴው እንዳይደርስ ነው። በዚህ መንገድ የተዋሰ መኪና ሥራውን ፈጽሞ ወደ ሸራው ሥር ይመለሳል፤ መልኩም ያለፈውን ዘመን ላላዩት ልጆች በፊልሙ ላይ ይቀራል።