ጂም ልግባ ወይስ ቤቴ ልሥራ?

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት ዘመዴ ከመካነ ሰላም መጥታ እኔ ዘንድ ሰንብታ ነበር። ዕድሜዋ 34 ሲሆን የሁለት ልጆች እናትና የመሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ አድርጋ ነበር። ሐኪም ዘንድ ቀርባ ስትመረመር አጥንቷ ደኅና እንደሆነ፣ ጡንቻዋ ግን ሥራ በመፍታቱ እንደደከመ፣ የደም ግፊቷም ከፍ ማለት መጀመሩን ተነገራት፤ የታዘዘላትም የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ማታ ቡና አፍልተን ስንጨዋወት፣ «እታለም፣ እስቲ ምከሪኝ፤ ጂም ልግባ ወይስ እዚያው ቤቴ ልሥራ?» አለችኝ።

ውድ አንባቢያችን፣ ይህ የእርሷ ብቻ ጥያቄ አይደለም። በአገራችን በ2007 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ አዋቂ ሰዎች 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ የቁንጅና ወይም የመቀጠን ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ልጅ ለማሳደግ፣ ሠርቶ ለመግባት፣ በእርጅናም የሰው እጅ ላለማየት የሚያበቃ ጉልበት የማቆየት ጉዳይ ነው።

«የቤት ሥራው አይበቃም ወይ?»

ይህን ጥያቄ ብዙ እናቶች ያነሣሉ፤ እውነትነትም አለው። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ከእርሷ አልፎ በቦረና፣ በለጋምቦ፣ በከላላና በወግዲ ገጠር የምትኖረው እናት ዳገት ወጥታ፣ ቁልቁለት ወርዳ፣ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች። ለእርሷ የሚያስፈልጋት ዕረፍት እንጂ ጂም አይደለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የከተማዋ ሠራተኛ ግን ኑሮዋ ተለውጧል። ከጠዋት እስከ ማታ በመሥሪያ ቤት፣ በባንክ መስኮት ወይም በሱቅ ተቀምጣ ትውላለች። አጭሩንም መንገድ በባጃጅ ትሄዳለች። ቤት ስትገባ የሚጠብቃት ሥራ ደግሞ ቢያደክማትም ሚዛኑን የጠበቀ አይደለም። ምጣድ ላይ አጎንብሶ መቆየት፣ ሳፋ ላይ ተደፍቶ ማጠብ፣ ሕፃን በአንድ ጎን አዝሎ መዋል ሁሉም ወገብን ወደ ፊት የሚያጎብጡ ናቸው። እንግዲህ መድከም ሁሉ ሰውነትን አያጠነክርም ማለት ነው። እርግጥ ፈጠን ያለ የቤት ሥራም ከእንቅስቃሴ ይቆጠራል፤ የጎደለውን መሙላት ግን ያስፈልጋል።

ምን ያህል ይበቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2020) ባወጣው መመሪያ፣ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ መክሯል። በተጨማሪም በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ዋና ዋናዎቹን ጡንቻዎች የሚያጠነክር ሥራ ያስፈልጋል። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ነው። በአንድ ጊዜ ማድረግ ካልተቻለም ከፋፍሎ፣ አሥር አሥር ደቂቃም ቢሆን፣ መሥራት ይቻላል።

መካከለኛ የሚባለውን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት ልኩ እርሱ ነው። በመካነ ሰላም ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ተወልደው ያደጉበት ለምደውታል፤ ከቆላ በቅርቡ ተዛውረው የመጡ ሠራተኞች ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ቀስ ብለው ቢጀምሩ ይመረጣል።

የጂም ጥቅምና ጉድለቱ

ጂም መልካም ጎን አለው። ክብደቱን ጥቂት በጥቂት ለመጨመር የሚያስችል መሣሪያ ይገኛል። ጥሩ አሠልጣኝ ካለ ስሕተትን ያርማል። ከሁሉም በላይ ለእናት አንድ ትልቅ ነገር ይሰጣታል፤ ለአንድ ሰዓት ማንም «እማዬ» ብሎ አይጠራትም።

ጉድለቱንም ከራሴ ልናገር። ከዓመታት በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ጂም የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ከፍዬ ገባሁ። ልጄን ከወለድኩ አምስተኛ ወሬ ነበር። አሠልጣኙ ስለ ወሊዴ አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ ለወጣቶቹ የሰጠውን ብረት ለእኔም ሰጠኝ። በሰባተኛው ቀን ወገቤን ይዤ ወጣሁ፤ አልተመለስኩምም። ገንዘቡም እዚያው ቀረ። ጥፋቱ የአሠልጣኙ ብቻ ነው አልልም፤ እኔም ሳልጠይቅ ነበር የከፈልኩት።

ስለዚህ እርስዎ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። ለሴቶች የተለየ ሰዓት አለ ወይ? በሩ የሚዘጋ የልብስ መለወጫ ክፍል አለ ወይ? አሠልጣኙ ስለ ወሊድ፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ቀድሞ ጉዳት ይጠይቃል ወይ? ለአንድ ወር ብቻ መሞከር ይቻላል ወይ? ከቤትዎ ወይስ ከመሥሪያ ቤትዎ ይቀርባል? በትንንሽ ከተሞች ወጣቶች በቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልተው በሠሩት ክብደት የተደራጀ ክፍልም ጂም ይባላል። ትጋታቸው የሚመሰገን ነው፤ ለሁለት ልጆች እናት ግን ሁልጊዜ አይመችም።

ሒሳቡንም ያስሉ። ለምሳሌ ክፍያው በወር 1200 ብር ቢሆንና 12 ቀን ቢሄዱ አንዱ ቀን 100 ብር ይደርሳል። 4 ቀን ብቻ ከሄዱ ግን አንዱ ቀን 300 ብር ሆነ ማለት ነው። ውድና ርካሽ የሚሆነው በክፍያው መጠን ብቻ ሳይሆን በእግርዎም ጭምር ነው።

ቤት ውስጥ ለመሥራት

የቤቱ ጥቅም ግልጽ ነው፤ ክፍያ የለውም፣ የክረምቱ ጭቃና የማለዳው ውርጭ አያግደውም፣ የጸጥታው ሁኔታ በማያመችበትም ጊዜ በጨለማ መውጣት አያስፈልግም። ስለ አለባበስም የሚነሣ ሐሜት የለም። ጉድለቱ ደግሞ ተቆጣጣሪ አለመኖሩና ሥራው ማለቂያ የሌለው መሆኑ ነው። ወጡ ይገነፍላል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እንግዳ በሩን ያንኳኳል፤ «ነገ እጀምራለሁ» እየተባለም ወሩ ያልፋል።

ለጀማሪ የሚሆኑ ጥቂቶቹን እነሆ። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ በቦታዎ እየተራመዱ ሰውነትዎን ያሙቁ።

አንደኛ፣ በማይነቃነቅ ወንበር ላይ እጅ ሳይደግፉ ቁጭ ብድግ ይበሉ፤ 10 ጊዜ።

ሁለተኛ፣ ከግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ርቀው በመዳፍዎ ተደግፈው ደረትዎን ወደ ግድግዳው ያስጠጉና መልሰው ይግፉ፤ 10 ጊዜ።

ሦስተኛ፣ በሰሌን ላይ በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን አጥፈው ዳሌዎን ቀስ ብለው ያንሡ፤ 10 ጊዜ። ወገብ ለሚያማት ሴት ይህ ከሁሉም ይጠቅማል።

አራተኛ፣ ውኃ የተሞላ የሁለት ሊትር ጠርሙስ በየእጅዎ ይዘው ክርንዎን ወደ ኋላ ይሳቡ። ጠርሙሱ ሁለት ኪሎ ይመዝናል። 20 ሊትሩን ጀሪካን ግን ለዚህ አያንሡ።

ይህን ሁሉ ሁለት ሦስት ዙር ቢደግሙት ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። ሲቀልዎት ቁጥሩን ይጨምሩ። ጭስ ባለበት ማድቤት ውስጥ ግን አይሥሩ፤ በረንዳ ወይም መስኮቱ የተከፈተ ክፍል ይምረጡ። የሚጾሙ እናቶች ከበድ ያለውን ሥራ ወደ መፈሰኪያው ወይም ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት ቢያስጠጉት፣ ወይም ከምግብ በኋላ ጥቂት ቆይተው ቢሠሩት ይመረጣል።

ለወለዱ እናቶች

ወሊድ የማህፀንን ወለል ጡንቻዎች ያላላል። በሳል ወይም በሣቅ ጊዜ ሽንት የሚያመልጣቸው እናቶች ብዙ ናቸው፤ በእፍረትም ዝም ይላሉ። ሽንትን ለመቋጠር እንደሚደረገው ጡንቻውን አምስት ሰከንድ ያህል ጨምድዶ መልቀቅ፣ ይህንንም አሥር ጊዜ ያህል በቀን ሦስት ጊዜ መደጋገም ይረዳል። ነገር ግን በመሽናት ላይ ሳሉ አይለማመዱት። ማህፀኗ ወደ ታች የወረደ የሚመስላት፣ በቀዶ ሕክምና የወለደች ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት አስቀድማ የጤና ባለሙያ ታማክር። ደረት የሚወጋ፣ ራስ የሚያዞር ወይም ደም የሚያፈስ ነገር ሲኖር ወዲያውኑ አቁሞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

ብቻዎን አይሁኑ

በአዲስ አበባ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሴቶች ብቻ የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ሲካሄድ ቆይቷል። በዚያ ያየኋቸው አብዛኞቹ ሴቶች ሯጮች አይደሉም፤ ከጎረቤት ወይም ከሥራ ባልደረባ ጋር ተጠራርተው የወጡ እናቶችና ሠራተኞች ናቸው። በትንሽ ከተማም ይህን ማድረግ ይቻላል። ቡና አብረው የሚጠጡ ሦስት ጎረቤቶች ከቡናው በፊት ግማሽ ሰዓት ቢራመዱ አንዷ ስትሰንፍ ሁለቱ ይቀሰቅሷታል።

የትዳር ጓደኛዎንም ያነጋግሩ። «ጊዜ የለኝም» የምትል እናት ውሸቷን አይደለም፤ ጊዜው የሚገኘው ሥራው ሲካፈል ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ልጆቹን አባት ቢይዝ ቤቱ አይጎድልበትም። እንዲያውም ልጆች ከእናታቸው ጋር ቢሠሩ ለእነርሱም ይጠቅማቸዋል፤ ለልጅ የሚመከረው በቀን 60 ደቂቃ ነውና።

ዘመዴ ምን ወሰነች?

ያን ማታ በወረቀት ላይ አሰላን። ጂም ብትገባ ከሥራ መውጫዋና ልጆቿ ከሚመለሱበት ሰዓት ጋር ይጋጭባታል። ስለዚህ ጂሙን ለጊዜው ተወችው። በአንድ ወር ክፍያ ደኅና ጫማ ገዛች፤ ከሁለት ጎረቤቶቿም ጋር ተነጋገረች። ሦስት ቀን መንገድ፣ ሁለት ቀን ሰሌን።

ከሦስት ወር በኋላ ስደውልላት ስለ ክብደቷ ብጠይቃት «እሱንስ አልተመዘንኩም» አለችኝ። «ግፊቴን ግን ተለክቼ ወረድ ብሏል። ደግሞ ዛሬ ጠዋት ከአልጋዬ ስነሣ ግድግዳውን አልያዝኩም።»

ለእርስዎ የሚስማማው ጂም ከሆነ ጠይቀው ይግቡ። ቤት ከሆነም ሰዓቱን ቆርጠው ለቤተሰቡ ያስታውቁ። ከሁለቱ የሚበልጠው በሚመጣው ዓመትም ሳያቋርጡ የሚሠሩት ነው።