ጣናን የሠራው በረዶ ነው ወይስ እሳት?

ሙቀቱን እንዴት ቻላችሁት? ዛሬ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ይዤላችሁ መጥቻለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። መምህራችን በዓለም ካሉት ትልልቅ የተራራ ሐይቆች ብዙዎቹን የሠራቸው በረዶ ነው ብለው አስተማሩን። እኔም ቸኩዬ እጄን አወጣሁና «ጣናንም በረዶ ነው የሠራው!» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። መምህራችን ግን «አጥናና በመጽሔታችን ጻፍልን» አሉኝ። ይኸው ጻፍኩ።

በረዶ ሐይቅ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከፍ ባለ ተራራ ላይ ሳይቀልጥ ለብዙ ዘመን ሲከማች ይከብድና ቀስ እያለ ቁልቁል ይንሸራተታል። ድንጋይ ይዞ ስለሚሄድ መሬቱን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። በኋላ አየሩ ሲሞቅ በረዶው ይቀልጥና ጉድጓዱን ውኃ ይሞላዋል። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ መካከል ያለው የጄኔቫ ሐይቅ እንዲህ የተሠራ ነው። በጥንት ዘመን በእኛም አገር በሰሜን ተራሮችና በባሌ ተራሮች ላይ እንዲህ ያለ በረዶ ነበር። በባሌ ጋርባ ጉራቻ የሚባለው ትንሽ ሐይቅ የዚያ በረዶ ሥራ ነው።

ጣናስ? ጣናን የሠራው እሳት ነው። ከመሬት ውስጥ የወጣ የቀለጠ ድንጋይ ፈሶ ሲቀዘቅዝ ውኃው የሚወጣበትን በር እንደ ግድብ ዘጋው። ውኃውም ሞልቶ ሜዳው ላይ ተኛ። ስለዚህ እኔ ተሳስቻለሁ፤ የሳቃችሁ ልክ ናችሁ።

ልዩነቱን በቁጥር እዩት። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ የጄኔቫው 580 ያህል ነው። ጥልቀት ላይ ግን የጄኔቫው 310 ሜትር ሲደርስ፣ የጣና ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ጣና እንደ ትሪ ነው፣ የጄኔቫው እንደ ጉድጓድ።

ባለፈው ጥር ለጥምቀት ጎንደር ሄደን ስንመለስ አጎቴ ጎርጎራ ወስዶ ጣናን አሳየኝ። ወዲያ ማዶው አይታይም! ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል፤ እኔ ቆለኛው ተንቀጠቀጥኩ። እዚያ በጀልባ ይኬዳል፣ ከደንገል የተሠራ ታንኳ ይታያል፣ ወፎችም ብዙ ናቸው። በደሴቶቹ ላይ እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ያሉ የጥንት ገዳማት አሉ። ልዋኝ ብዬ ልብሴን ሳወልቅ አጎቴ ከለከለኝ። ለካ ዳር ዳሩ ላይ የቢልሃርዚያ በሽታ አለ፤ ጉማሬም አለ። የምትሄዱ ልጆች ይህን አትርሱ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ትሪ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ይደርቃል። ጣና ከ15,000 ዓመት በላይ በፊት፣ ዝናብ በጠፋበት ዘመን፣ ደርቆ ያውቃል። ዛሬ ደግሞ ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከታረሰና ዛፉ ካለቀ ተራራ አፈር እየጠረጉ ያስገቡበታል። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮም እምቦጭ የሚባል አረም ውኃውን እየሸፈነ ነው። ገበሬው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ከርሟል። ጥልቅ ሐይቅ ብዙ ይችላል፤ ጣና ግን አይችልም።

«ጣና ከኮኪት ሩቅ ነው፣ ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ጓንግ ወንዛችን ከጣና በስተሰሜን ካለው ደጋ ተነሥቶ በወረዳችን አልፎ ሱዳን ይገባል። እዚያ አትባራ ተብሎ ከዓባይ ጋር ይገናኛል። ከጣና የወጣው ውኃና በእኛ በኩል ያለፈው ውኃ መጨረሻቸው አንድ ነው። ክረምት ላይ ጓንግ ሲደፈርስ የሚሄደውም አፈራችን ነው። በግቢያችን የምንተክለውን ችግኝ ፍየል እንዳይበላው እንጠብቅ የምለው ለዚህ ነው።

እስኪ ይህን ሞክሩ፦ አንድ ብርጭቆ ውኃ ትሪ ላይ፣ አንድ ብርጭቆ ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አስቀምጡ። ከትምህርት ስትመለሱ የትኛው እንደቀነሰ እዩና ንገሩኝ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!